የወይዘሮ ሽታዬ እሺታ

የትንፋሽ ጠባቂ መሣሪያ ደረት ላይ መለጠፍ ግዴታ ከሆነ ወዲህ ሽማግሌ መቀበል ከባድ ሆኗል።

የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ ደጉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅዎን ሐመልማልን ለልጃችን ይስጡን።»

ወይዘሮ ሽታዬ ጨዋ እናት እንደምታደርገው መሬት መሬት እያዩ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉና «እ» አሉ። ከዚህ በላይ መናገር ልጅን ገፍትሮ ማስወጣት ነው።

ደረታቸው ላይ ያለው መሣሪያ ጮኸ። «ድያፍራምዎ በድንገት ወርዷል! ሳንባዎ ያለ ልክ ሞልቷል! ቀስ ብለው ያስወጡ!»

«እሺ ማለትዎ ነው ወይስ አሞዎት ነው?» አሉ አቶ ደጉ።

«እ» አሉ ሽታዬ እንደገና፣ ጠለቅ አድርገው።

«አምቡላንስ ተጠርቷል» አለ መሣሪያው።

ሐመልማል ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ስትሰማ አላስቻላትም። «እማዬ በናትሽ፣ በአፍሽ ተናገሪው!»

ሽታዬ ተጨንቀው ደረታቸው ውስጥ ያለውን አየር ሁሉ አወጡት። «አዎ! ውሰዷት!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ደጉ ባርኔጣቸውን እያነሱ ወደ ጓደኞቻቸው ዘንበል አሉ።

«እንዲህ የሚጮሁት ልጅቷ ምን ብትሆን ነው? እስቲ ተመካክረን እንመለስ።»

በሩ ሲዘጋ መሣሪያው ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ትንፋሽዎ ተስተካክሏል፤ እንኳን ደስ አለዎት» አለ።