የትምኒት ጥርስ

ትምኒት ጥርሷን አሟት አያውቅም። ሆኖም ከጥቅምት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጉንጯን በነጠላ ደግፋ፣ «ዓይደር ሆስፒታል፣ ጥርስ ሐኪም ጋ ነኝ» እያለች ከቤት ትወጣለች።

የምትሄደው ግን እንዳ ኢየሱስ ሰፈር ቁልቁለት ላይ ወዳለ አንድ ፎቅ ነው። እዚያ ለሴቶች ብቻ የተከፈተ የሶፍትዌር ሥልጠና አለ። ባሏ ገዛኢ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ እሱን አልፈራችም። የፈራችው እናቱን ነው።

አማቷ ወይዘሮ ለተመስቀል ገበያው ውስጥ የበርበሬና የሽሮ ሱቅ አላቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ልጃቸውን ያሳደጉበትም የዳሩበትም ይኸው ሱቅ ነው። ጠዋት እሳቸው ይሸጣሉ። ከሰዓት ትምኒት ስትረከባቸው እሳቸው ለጉልበታቸው ብለው ወደ ቁሓ፣ ወደ ጸበል ይሄዳሉ። ሰሞኑን መነጽርም ገዝተዋል፤ ዳዊት ሊደግሙበት ነው።

በዚያ በጦርነቱ ክፉ ጊዜ ራሳቸው ሳይበሉ ትምኒትን ያበሏት እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ «በርበሬ ባየሁ ቁጥር ያስነጥሰኛል፣ ሱቁን አልፈልገውም» ብሎ መናገር ለትምኒት ከባድ ነበር። ይባስ ብሎ ወይዘሮ ለተመስቀል በቅርቡ ቸኩለዋል።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ሱቁን ከእንግዲህ ላንቺ ልተውልሽ ነው። ጥለሽው እንዳትሄጂ ቃል ግቢልኝ።»

«መጀመሪያ ጥርሴን ይሻለኝ፣ አደይ።»

«ለመሆኑ የትኛው ነው የሚያምሽ?»

ትምኒት በቀኝ በኩል ጠቆመች። ባለፈው ሳምንት በግራ ነበር። ወይዘሮ ለተመስቀል በመነጽሩ አናት ትክ ብለው አዩዋት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የትምኒት ውሸት ግን እያደር ይደልብ ነበር።

ሥልጠናው በሁለት ፈረቃ ነው፤ ኮምፒውተሩ ለሁሉም አልበቃም። አንዷ ጠዋት የጀመረችውን ሥራ ሌላዋ ከሰዓት እዚያው ኮምፒውተር ላይ ትቀጥለዋለች። ሁለቱ አይተያዩም። የሚነጋገሩት ኮዱ መሀል ጣል በሚያደርጉት፣ ኮምፒውተሩ ዘሎት በሚያልፈውና ሰው ብቻ በሚያነበው ማስታወሻ ነው። ትምኒት «ጠዋት» ብላ ትፈርማለች፤ ጓደኛዋ ደግሞ «ከሰዓት» ትላለች። የሚሠሩት ሕመምተኛ ሐኪም ቤት ሳይጉላላ፣ ቤቱ ሆኖ ወረፋውን የሚጠብቅበት መተግበሪያ ነው።

«ከሰዓት» ቁጡ ናት። «ይህን ቅንፍ ከፍተሽ ሳትዘጊው ሄድሽ! ማን ነው ያሳደገሽ?» ብላ ትጽፋለች። ወረድ ብላ ደግሞ፣ «ግን ትናንት የሠራሽው ሸጋ ነው፤ እጅሽ ይባረክ» ትላለች። ትምኒት ፊቷን ያላየቻትን ይህችን ሴት እንደ እህት ወደደቻት።

አንድ ጠዋት የጠዋቱ አሠልጣኝ ሥርጉት ጎንበስ ብላ ኪቦርዱን አሸተተች።

«ትምኒት፣ ይኼ ነገር እኮ ወጥ ለመሆን ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው የቀረው!»

ክፍሉ በሣቅ አውካካ። ትምኒት እጇ ላይ የቀረው የሱቁ ሽታ ነው ብላ በኀፍረት አንገቷን ደፋች። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እጇን በሎሚ ታሽ ጀመር። ሎሚውም አልረዳት፤ በማግሥቱ ኮምፒውተሩ ፊት ገና ከመቀመጧ አስነጠሳት።

ከዚያ የሱቅ ጎረቤታቸው ናዝሬት ወሬ ይዛ መጣች።

«ስሚ እንጂ፣ አማትሽን ትናንት ከሰዓት እንዳ ኢየሱስ አየኋቸው። እዚያ ፎቅ በር ላይ ቆመው ግራ ቀኝ ይቃኛሉ፤ ሰው የሚሰልሉ ነው የሚመስሉት።»

ትምኒት በልቧ አሰላች። ቁሓ ወዲያ፣ እንዳ ኢየሱስ ወዲህ! ሴትዮዋ ነቅተውባታል። በማግሥቱ ጠዋት ኮዱ መሀል ጻፈች።

«አማቴ እየተከታተሉኝ ነው። ልንገራቸው?»

መልሱ በነጋታው ጠበቃት።

«እንዳትሞክሪው! ሥራው በእጅሽ እስኪገባ አፍሽን ዝጊ። እኔም ለቤቴ ሰው ትንፍሽ አላልኩም።»

ምክሩን ተቀበለች። ሥልጠናው ሲያበቃ አንደኛ የወጡትን ጥንዶች አንድ ድርጅት ይቀጥራቸዋል። ያን ጊዜ አማቷ እግር ላይ ወድቃ ሁሉንም ለመናዘዝ ለራሷ ቃል ገባች።

የሥራ ማሳያው ቀን ደረሰ፤ ሰዓቱም ለስምንት ሰዓት ተቆረጠ። ትምኒት ሱቁን የምትይዝበት ሰዓት መሆኑ ነው። ወይዘሮ ለተመስቀል ያን ዕለት አዲስ ነጠላ ለብሰው ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖሩ።

«ዛሬ እስክመለስ ከዚህች ሱቅ ንቅንቅ እንዳትዪ። አደራ!»

«የት እሄዳለሁ፣ አደይ?»

ማዕዘኑን እስኪታጠፉ በዓይኗ ሸኘቻቸው። ከዚያ በሩን ዘግታ፣ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ባጃጅ ውስጥ ገባች። አማቷ ከጸበል ተመልሰው ሱቁን ዝግ ቢያገኙት የሚሆነውን እያሰበች መንገዱን ሁሉ ተሳቀቀች። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ዙሪያዋን ሳታይ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

ሥርጉት ማይክሮፎኑን ይዛ ወጣች።

«አንደኛ የወጡት የወረፋው መተግበሪያ ባለቤቶች ናቸው! ሁለቱም ከሰኞ ጀምሮ ሥራ ይገባሉ። ‹ጠዋት›፣ ነይ!»

ትምኒት መድረኩ ላይ ወጣች። ጭብጨባው ደስ አላት፤ እንባዋም መጣ። ያቺን ቁጡ እህቷን አቅፋ ለመሳም እጆቿን ዘርግታ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«‹ከሰዓት›ስ የታለች?» አለች ሥርጉት።

«ትምኒት!» አሉ ወይዘሮ ለተመስቀል ለጥሪው እጃቸውን አውጥተው ከኋላ ወንበር ብድግ ብለው። «ሱቁን ማን ይዞታል?»