የቀነሰው ሥራ አጥ

የምርጫ ተወዳዳሪው በቴሌቪዥን «የሥራ አጡን ቁጥር በግማሽ ቀንሰናል!» ሲል፣ ንግግሩን የጻፈችለት ሴት በታናሽ ወንድሟ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ወንድሟ ፊቱን ከግድግዳው ሳያዞር፣ «እውነት ያ ሁሉ ሰው ሥራ አገኘ?» አላት።

«ሁሉም አይደለም» አለች ዓይኗን ሰብራ። «መፈለግ ያቆመ ሰው ሥራ አጥ ተብሎ አይቆጠርም።»

ከአልጋው ሥር ጫማው ይታያታል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ፍለጋ ሲወጣ መስታወት እስኪመስል ይወለውለው የነበረው ጫማ፣ አቧራ ለብሶ ሸረሪት አድርቶበት ነበር።

«እኔም አግዣችኋለሁ በያ!» ብሎ ሳቀ። በቴሌቪዥኑ ውስጥ አዳራሽ ሙሉ ሰው ተነስቶ ያጨበጭባል። እጇን ወደ ማጥፊያው ስትሰድ ያዛት።

«ተዪው እትዬ። ለእኔ እኮ ነው የሚያጨበጭቡት።»