በጸናጽሉ አንገት ላይ የታሰረችው ወረቀት

ጠዋት ማኅሌት ላይ ያገለገለ ጸናጽል ከሰዓት በኋላ የጥንት ሙታን ዕቃ የሚባለው በየትኛው አገር ሕግ ነው? እስቲ እናንተ ፍረዱ።

ደሴ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ አንድ ካሚዮን ሞተሩ እያጓራ ቆሟል። ጣሊያን ከተማዋን ከያዘ ሁለተኛው ክረምት ነው። ወታደሮቹ ሣጥን ይጭናሉ፤ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ወደ ባሕሩ፣ ከዚያ ወደ ሮም። የመሪጌታ ቀለሙ ጸናጽል ባልተከደነው ሣጥን ውስጥ ጭድ ላይ ተጋድሟል። አንገቱ ላይ ወረቀት ታስሮበታል።

«ምን ይላል?» አሉ መሪጌታ የጣሊያኖቹን አስተርጓሚ እንድሪስን።

እንድሪስ አሰብ ወደብ ላይ ጣሊያንኛ የለመደ የኮምቦልቻ ሰው ነው። ወረቀቷን አየ። «ይቅርብዎ፣ መሪጌታ።»

«አንብብ ነው ያልኩህ።»

«የጥንት ግብጽ የቤተ ጣዖት ዕቃ፣ የነጭ ዘር ሥራ፣ ጥቁሮች እጅ የገባ በአጋጣሚ፤ ይላል።»

ጸናጽሉ ሲወሰድ መሪጌታ ዝም ብለው ነበር። ጠመንጃ ያለው ይወስዳል፤ አዲስ ነገር አይደለም። ወረቀቷ ግን ደማቸውን አፈላችው።

ወረቀቷን የጻፈው፣ ሊቅ ነኝ የሚለው መነጽራም ነጭ፣ ቀረብ ብሎ መጽሐፍ ገለጠላቸው። በሥዕሉ ላይ አንዲት የግብጽ ሴት በቤተ ጣዖት ቆማ ጸናጽል ይዛለች። ሰውዬው ብዙ ተናገረ።

«ምን አለ?»

«ከራሳችሁ አፍልቃችሁ ስለ አምላክ አስባችሁ አታውቁም ነው የሚለው። እምነት ከባሕር ማዶ ለግብጽ፣ ከግብጽ ለእናንተ፤ ጸናጽሉም እንደዚያው። ወላሂ፣ እኔ የለሁበትም፤ ቃሉን ነው ያቀበልኩት።»

መሪጌታ ወደ ሥዕሉ አጎነበሱ። ሴቲቱ ሹሩባ ተሠርታለች፤ ቀጫጭን፣ እስከ ትከሻዋ የወረደ። ትናንት ጎረቤታቸው ሐዋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ባለቤታቸውን አትጠገብን የሠራቻት ሹሩባ ነው።

«በለው» አሉ። «ለጣዖቷ አልሰግድም። ግን ግብጾች የሰገዱት ለምን ነገር ነበር? ለዓባይ ሙላት። ሙላቱ የማን ዝናም ነው? እዚህ ደጋችን ላይ ዘንቦ፣ በበሽሎ ወንዝ አድርጎ ወደ ዓባይ የወረደ። የዘሩበት ጭቃ የእኛ ማሳ አፈር ነው። አፈራችንን ሲያመልኩ ኖረው ከሰማይ ጋር ያስተዋወቃቸው ነጭ ነው? ደግሞ ይኸው ነጭ ግብጾች ዘንድ ጸናጽሉን ከመቃብር ቆፍሮ አወጣ፤ እኛ ዘንድ ከእጅ ነጠቀ። ባለቤቱ የትኛው ነው?»

እንድሪስ ሁለት ቃል ብቻ ተናገረ። ነጩ ፈገግ ብሎ እጅ ነሳ።

«ያን ሁሉ በሁለት ቃል ጨረስከው?»

«መልካም መንገድ ብለውሃል አልኩት። አንገትዎን ላተርፍ ብዬ ነው።»

መሪጌታ እጃቸውን ወደ ሣጥኑ ሰደዱ። አንዱ ወታደር ጠመንጃውን አቀባበለ። እሳቸው የወረቀቷን ክር ብቻ በጠሱ፤ ጸናጽሉ ጭዱ ውስጥ አንዴ ጮኸ።

«አሁን ሳትቀንስ በለው።»

እንድሪስ ወታደሩን አየ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁሉንም ይተረጉም ጀመር፤ ዝናሙንም፣ አፈሩንም፣ መቃብሩንም። የነጩ ፈገግታ ጠፋ።

መሪጌታ ወረቀቷን ከፍ አድርገው ያዙ። «ብረቱን ይውሰድ። ይህቺ ግን እኔ ዘንድ ትቆያለች። ሰኞ ገበያ መጥቶ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም በቆመበት፣ በራሱ አፍ ያንብባት። ከዚያ የጠየቅኩትን ይመልስ፤ ለእኔ በጆሮዬ አይደለም፣ በሕዝቡ ፊት ይመልስ።»