አስጠኚው ለምን ዓይን ዓይኗን ያያታል?

«አንተ ሰውዬ! ልጄን ዓይን ዓይኗን የምታያት ምን ፈልገህ ነው?!»

እናትየው በሩን በርግዳ ገባች...

አስጠኚው ክው አለ። የስምንት ዓመቷ ሚጢ የተረት መጽሐፏን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ነገሩ ወዲህ ነው...

ሚጢ አንድ ክፍል ዘላ እንድትገባ ልትፈተን ነው። እናት «ልጄ እንደ ትልቅ ሰው ነው የምታነበው» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። ለፈተናው ብላም አስጠኚ ቀጠረች።

ሰውየው ግን አላማራትም...

ከልጅቷ ጎን አይቀመጥም፤ ፊት ለፊቷ ነው። መጽሐፉን ዞር ብሎ አያይም። ዓይኗ ላይ ተተክሎ ይቀራል!

«ጠርጥር» ይላል ያገሬ ሰው። እሷም በሩን ገርበብ አድርጋ ስትሰልል ሰንብታ ዛሬ አላስቻላትም።

«እኔም የጠረጠርኩት ነገር አለ እህቴ» አላት አስጠኚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ደግሞ ምን?!»

«ልጅ ሲያነብ ዓይኑ በየቃሉ ይቆማል... ይመለሳል... ደግሞ ይሄዳል። ቃል እየዘለለ የሚሮጠው የእኛ የትልልቆቹ ዓይን ነው። የሚጢ ግን አይቆም፣ አይመለስ... አፏ እዚህ፣ ዓይኗ ሌላ ቦታ! ሌላ መጽሐፍ ሳመጣላት ደግሞ ‹ራሴን አመመኝ› ትላለች።»

«ጎበዝ ስለሆነች ነዋ! ምቀኛ!»

እሱ ወደ ልጅቷ ዞረ። «ሚጢዬ ቀጥይ» አለና ልጅቷ አንድ መስመር እንዳነበበች መጽሐፉን ከእጇ ወስዶ ዘጋው...

ሚጢ ግን ማንበቧን አላቆመችም!

አንድ ቃል ሳትስት እስከ ገጹ መጨረሻ ወረደችው...

እናት ሶፋው ላይ ዘጭ አለች።

«ሚጢ... ማንበብ አትችዪም እንዴ?»

ልጅቷ አቀረቀረች።

«ቃል ላይ ስቆም ‹አንቺ ደነዝ፣ ቶሎ በይ!› ትይኛለሽ... አንቺ ስታነቢልኝ እየሰማሁ በቃሌ ያዝኩት። እንዳታፍሪብኝ ብዬ ነው እማዬ...»

እናት ልጇን እቅፍ አድርጋ ተንሰቀሰቀች። የጎረቤት ወሬ ገደል ይግባ ብላ ፈተናውን አስቀረችው።

ወገን... ልጅ ሲያነብ ቢቆም፣ ቢመለስ ደነዝ ሆኖ አይደለም፤ ዓይኑ ሥራ ላይ ነው። ስናጣድፈው ግን ማንበቡን ትቶ ማስመሰል ይማራል።

እስቲ ሳትዋሹ... ልጃችሁ እያነበበ ሲደናቀፍ መጀመሪያ ከአፋችሁ የሚወጣው ቃል ምንድነው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ 👇