የቀኙ በር

«ከእኔ በፊት ተጋጭታ ታውቃለች?» እላለሁ፣ ገና ሞተሩን ሳላጠፋ በመስኮት ብቅ ብዬ።

ጋሽ መዶሻ ቀና ብለው እንኳ አያዩኝም። የተጨረማመተ የመኪና ገላ ሲያቃኑ ስለኖሩ የጋራዡ ሰው ሁሉ በዚህ ስም ነው የሚጠራቸው። አንድ የጭነት መኪና ፓራፋንጎ ላይ አጎንብሰው ቷ፣ ቷ፣ ቷ ያደርጋሉ። ሲበቃቸው መዶሻውን እንደያዙ ይመጣሉ፤ መኪናዬን አንድ ጊዜ ይዞሯትና ይስቃሉ።

«እቺን ቀበጥ አንተ ነህ የገዛሃት?»

«ሦስት ቀኔ ነው።»

«ሁለት ሰው ጭና የአውቶቡስ ነዳጅ የምትጠጣ! ሚስት አለችህ?»

«የለችኝም።»

«እሱስ ያስታውቃል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ዛሬ ሞተሩን አጥፍቼ ወርጄ ቁልፉን ከኪስ ወደ ኪስ አዛውራለሁ። ጥያቄዎቼ ግን ይግተለተላሉ። ጠዋት ጠዋት በአንዴ አልነሣም የምትለው ለምንድን ነው? ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ የሚያስቃስታት ምንድን ነው? የፊተኛው ባለቤት ምን ዓይነት ሰው ነበር? ይበርባት ነበር? ይሄ የቀኙ በርስ፣ እሱ ገጭቶት ይሆን?

«ቀስ በል፣ ልጄ። ፖሊስ ጣቢያ አደረግከው እኮ።»

ፖሊስ የሚለውን ቃል ስሰማ ቁልፉ ከእጄ ይወድቃል። ጎንበስ ብዬ አነሣዋለሁ።

እሳቸው የቀኙ በር ፊት ተንበርክከዋል። ከመያዣው ሥር መዳፍ የምታህል ስርጉደት አለች፤ ከእሷ ተነሥቶ አንድ ረጅም ጭረት ወደ ኋላ ይሄዳል። ስፖኪዮው ወደ ውስጥ ታጥፏል።

«እቺን በር አውቃታለሁ» ይላሉ። «የእኔ እጅ ያረፈባት ናት።»

«አላልኩም! ድሮም የተመታች ናት ማለት ነው።»

«ቆይ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ።»

በካቻቢቴ የበሩን የውስጥ ልባስ ይፈለቅቁታል። ከኋላው፣ ባዶው ብረት ላይ፣ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ። ጋሽ መዶሻ የሠሩት በር ሁሉ ሆዱ ውስጥ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ቀኑ፣ የመታው ነገር፣ የተደረገለት። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያነቡታል።

«‹የገዛ ግቢው ምሰሶ። ተቃንቷል፤ ሌላ እንከን የለውም።› ሁለት ዓመት ሆነው። የጥርስ ሐኪም ነበር ሰውየው። ከግቢው ሲወጣ እንኳ ቀንድ አውጣ ይቀድመዋል። ይበርባት ነበር ትለኛለህ!»

«ከዚያ ወዲህስ? እርስዎ ጋ ሳያመጣት ሌላ ቦታ ገጭቷት ቢሆንስ?»

ጥፍራቸውን ጭረቱ ውስጥ አስገብተው ይፍቃሉ። ቀለሙ ይረግፋል፤ ከሥሩ ብረቱ እንደ ታጠበ ማንኪያ ብልጭ ይላል።

«ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው» ይላሉ። «የተላጠ ብረት አንድ ሌሊት ዝናብ ከጠጣ ቀይ ዝገት ያወጣል። ይሄ ግን የዛሬ ነው፤ ገና ቁርሱንም አልበላም።»

«ድንጋይ ይሆናል» እላለሁ። «ጠዋት፣ ረጅሙ ግንብ ጋ፣ መታጠፊያው ላይ… ቷ የሚል ነገር ሰምቼ ነበር። ሙዚቃ ከፍቻለሁ። ድንጋይ ነው የመሰለኝ።»

ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ለራሴም ገና አልነገርኩትም ነበር። ሙዚቃው ብቻ አልነበረም፤ በሐሳቤ አጠገቤ ሰው ተቀምጦ ነበር። አግኝቻት የማላውቅ ልጅ፣ መስኮቱን ከፍታ የምትስቅ። መታጠፊያው ላይ ዓይኔ መንገዱ ላይ አልነበረም፤ ባዶው መቀመጫ ላይ ነበር።

«ቆምክ?»

ቁልፉን ወደ ሌላው ኪሴ አዛውራለሁ።

«አልቆምኩም። ርቄ ከሄድኩ በኋላ ነው ወርጄ በሩን ያየሁት።»

መዶሻውን ቀስ ብለው መሬት ያስቀምጡታል። በመያዣው ሥር ባለው ክፍተት ሁለት ጣታቸውን ሰደው አንድ ጥቁር ነገር ይጎትታሉ። አገላብጠው ያዩትና መዳፌ ላይ ያኖሩታል። የብስክሌት መሪ እጀታ የሚለብሰው ላስቲክ ነው። ግማሹ ተቦጭቋል።

ከጭነት መኪናው በኩል አንድ ሰው በፉጨት ይጣራል። ጋሽ መዶሻ እጃቸውን ያወናጭፉበታል።

«ስለ ድሮው ባለቤት ጠይቀህ ጨረስክ?» ይሉኛል። «አሁን ደግሞ ስለ አዲሱ እኔ ልጠይቅህ። ቦታውን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ስንት ደቂቃ ሆነው?»

«አርባ። አርባ አምስት።»

ሽርጣቸውን ፈትተው ይወረውሩታል፤ የቀኙን በር ከፍተው እኔ ከገዛኋት ወዲህ ማንም ባልተቀመጠበት መቀመጫ ላይ ይገባሉ። ጉልበታቸው ከዳሽቦርዱ ጋር ይጋጫል። በሩ አልገጥም ሲላቸው በሁለት እጃቸው ስበው ይይዙታል። ልባሱ ተነቅሎ መሬት ቀርቷልና የእርሳሱ ጽሑፍ መሪው ጋ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል፤ ከሥሩ ለሌላ ጽሑፍ የሚበቃ ሰፊ ባዶ ብረት አለ።

«ወደዚያው መታጠፊያ ንዳ» ይላሉ። «ቀስ ብለህ።»

ላስቲኩ አሁንም እጄ ላይ ነው። በአንድ ጎኑ የሰው አውራ ጣት በስንት ዓመት የበላው ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። የእኔ አውራ ጣት ልክክ ብሎ ይገባበታል።

ቁልፉን አዞራለሁ። ጠዋት ጠዋት እንቢ የምትለው መኪና፣ በአንዴ ትነሣለች።