ወረቀቱ ላይ አምስት

"ሠላሳ አምስት ናቸው" አለ ተቆጣጣሪው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። "ሁለቴ ቆጠርኳቸው። ወረቀትህ የሚለው ግን አምስት ነው።"

ተማሪው መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም። የድንበሩ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ አምስት የእንጨት ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ ፊታቸው በቀጭን ወንፊት ተሸፍኗል። በየሳጥኑ አንዲት ረዘም ያለች ንግሥት አለች፤ ዙሪያዋን ደግሞ ስድስት ስድስት ሠራተኛ ንቦች። ከትናንት ጀምሮ አውቶቡስ ውስጥ በደረት ኪሱ ይዞ፣ በገላው እያሞቀ ነው ያመጣቸው።

"አምስቱ እኮ ንግሥቶቹ ናቸው፣ ጋሼ። ሌሎቹ አጃቢዎች ናቸው።"

"አጃቢዎቹስ ንብ አይደሉም?"

ንብ አናቢ ሲቆጥር ንግሥቲቱን ብቻ ነው የሚቆጥረው። አባቱም እንደዚያ ናቸው፣ አያቱም እንደዚያው ነበሩ፤ አጃቢ ማን ይቆጥራል? ቅጹን የሞላው ደግሞ ራሱ ነው። "የንቦች ብዛት" የሚለው ላይ ያለ ምንም ሐሳብ አምስት ብሎ ጻፈ። የዩኒቨርሲቲ አማካሪው ፈረሙበት፣ ማኅተም አረፈበት፣ እሱም ሰባት ጊዜ አነበበው፤ ስህተቱ ግን አልታየውም። ይኼን ሁሉ ዓመት ተምሮ!

የንብ በሽታ ገብቶ የአካባቢውን ንብ ሲፈጅ ከአባቱ አርባ ቀፎ የተረፉት አምስት ብቻ ነበሩ። ለምን እንደተረፉ ማወቅ ነው የሱ ጥናት፤ ዩኒቨርሲቲው ያለው ደግሞ ከዚህ ድንበር ወዲያ፣ የአንድ ቀን መንገድ ላይ ነው። አባትየው አምስቱንም ንግሥቶች በገዛ እጃቸው ለቅመው ሰጡት። "ቀፎዎቹ ያለ እናት ሊቀሩ ነው እኮ፣ አባዬ" ቢላቸው፣ "ንቦቹ ሌላ ንግሥት ያሳድጉ ይሆናል፤ ካላሳደጉም ምን ይደረጋል። አንተ ብቻ እነዚህን በሕይወት አድርስልኝ" አሉት።

"በቃ፣ ትርፎቹን አውጣና አምስቱን ይዘህ እለፍ" አለ ተቆጣጣሪው።

"ብቻቸውን አይደርሱም፣ ጋሼ። የሚያበሏቸው እነሱ ናቸው፣ የሚያሞቋቸውም እነሱ ናቸው። በዚህ ብርድ የአራስ ልጅን ከእናቱ ነጥሎ መንገድ እንደ መስደድ ነው።"

"ገባኝ።"

"ከገባዎት ታዲያ ስለ ፈጣሪ ብለው..."

"ገባኝ አልኩ እንጂ አሳልፋለሁ አላልኩም። ባልደረባዬ ለአንዲት እናት አዝኖ ከወረቀቷ በላይ ሦስት ችግኝ አሳለፈ፤ ይኸው ዓመቱ፣ ከሥራ ታግዶ ቤቱ ቁጭ ብሏል።"

ክፉ ሰው ቢሆን ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ተማሪው ይጮኽበት ነበር። ሰውየው ግን ወንበር ስቦ አስቀመጠው፣ ሻይ ቀዳለት፣ አልፎ ተርፎም አለቃው ዘንድ ደወለለት። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር ተማሪው ሁሉንም ሰማ።

"ወረቀቱ ስንት ይላል?"

"አምስት።"

"እና ምን ታደርቀኛለህ? አምስት አሳልፋ!" ጠረቀመው።

ተማሪው አማካሪው ጋ ሞከረ። እሑድ ነው፣ ስልካቸው ዝግ ነው። አዲስ ወረቀት ቢጠየቅ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ንቦቹ ሳጥን ውስጥ ያን ያህል አይሰነብቱም። ወደ ቤት ልመለስ ቢል ደግሞ አውቶቡሱ ከሁለት ቀን በፊት የለም። ወዲህ ቢል ወዲያ ቢል መላ ጠፋ። ላብ በዚያ ብርድ አጠመቀው።

በሩ ተበረገደና የአውቶቡሱ ሾፌር ጭንቅላቱን አስገባ። "አባ ንቦ! እመቤቶቹ ገና አልተኳሉም እንዴ? ሰው እኮ በረዶ ሆነ! አሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ እንዳትቀየመኝ።"

ተቆጣጣሪው መስኮቱን ከፈተና ግድግዳው ጥግ ሄዶ ተለጠፈ። "አንተው አውጣቸው። እኔ ንብ እፈራለሁ" አለ፣ እያፈረ።

ተማሪው የመጀመሪያውን ሳጥን ውታፍ በጥፍሩ ነቀለ። ንግሥቲቱ ወደ ቀዳዳው ስትመጣ በአውራ ጣቱ እየመለሰ፣ ስድስቱን አንድ በአንድ አስወጣቸው። ሁለተኛው ሳጥን ላይ አንዷ ነደፈችው፤ ደግ አደረግሽ አላት በሆዱ። አምስተኛውን ሲደፍን እንባው መጥቶ አፍንጫው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ በእጅጌው ጠረገው።

ተቆጣጣሪው ከጥጉ ሆኖ በሩቁ ቆጠረ። "አንድ፣ ሁለት... አምስት። ትክክል ነው" አለና ወረቀቱ ላይ ማኅተሙን አሳረፈ።

ተማሪው ሳጥኖቹን ደረት ኪሱ ከቶ ካፖርቱን ቆለፈ። በየመጋረጃውና በየመስታወቱ ተበትነው የነበሩት ንቦች አንዳፍታ ዞር ዞር አሉ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ወደዚያ ዞር ብላ ያየች ግን የለችም። አንዷ መጥታ ካፖርቱ ላይ፣ ልክ ኪሱ ላይ አረፈች። ሁለት ተከተሏት። ከዚያ ሁሉም መጡ፤ የንግሥቶቹ ሽታ ነው የጠራቸው። ደረቱ ላይ ተጠጋግተው መዳፍ የምታክል ክምር ሠሩ።

ተቆጣጣሪው ጠረጴዛ የሚጠርግበትን ብሩሽ አነሳና እጁን ከሩቅ ዘረጋለት።

"ልብስህ ላይ ሆነውም ቢሆን አያልፉም፣ የኔ ልጅ።"

ውጭ ሾፌሩ ጡሩንባውን ለቀቀው። ተማሪው ብሩሹን ተቀብሎ የመጀመሪያዋን ቀስ አድርጎ ወደ መስኮቱ ጠረጋት። ሁለተኛዋን ጠረገ፣ ሦስተኛዋንም። አራተኛዋ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያዋ ተመልሳ ኪሱ ላይ ቁጭ ብላለች።