የጉድጓዱ ባለቤት

ሕጉ ከወጣ ወዲህ፣ ሌላ የትም የማይኖር ፍጥረት የተገኘበት ጉድጓድ ለዚያው ፍጥረት ይተዋል፤ ሰው አይቀዳበትም። የየጉድጓዱን ፍጥረት እየመረመረች ዝርያውን የምትለየው ባለሙያ ፈትለወርቅ ራሷ የምትኖረው ድሬዳዋ ዳር፣ ምርመራው እስኪያልቅ ጉድጓዱ ታሽጎ በቦቴ ውሃ በሚተዳደር ሰፈር ነው።

ከሰፈሯ ጉድጓድ የወጣው ፍጥረት ከሩዝ ፍሬ ያነሰ፣ ነጭ፣ ዓይን የሌለው የሽሪምፕ ዘመድ ነው። በማጉሊያ ስታየው እግሩም፣ የጅራቱ ጸጉርም ከሌሎች ጉድጓዶች ፍጥረት ጋር አንድ ሆነባት። ደስ ብሏት ለእናቷ፣ “ሌላም ቦታ ያለው ያው ነው፤ ጉድጓዱ ይከፈትልናል” አለቻቸው።

ዛሬ የዘረመል ምርመራው ውጤት ደረሰ። መልኩ ይመሳሰል እንጂ ዘሩ ሌላ ነው። ደግማ መረመረችው፤ ለውጥ የለም። “የብቻው ዝርያ ነው” ብላ ጽፋ ፈረመች።

እቤት ስትደርስ እናቷ ወይዘሮ አለሚቱ ሳፋው አጠገብ ቆመዋል።

“መጣሽ ልጄ? አንሶላውን ዘፍዝፌዋለሁ። ማለቅለቂያውን ከጉድጓዱ እንቀዳለን ብዬ።”

“አይከፈትም፣ እማዬ።”

“ያው ነው ብለሽኝ አልነበር?”

“መልኩ አታሎኝ ነው።”

“ዝም ብትይስ ማን ያውቅብሽ ነበር?”

“ከቀዳንበት ፍጥረቱ ያልቃል። ሌላ ቦታ ዘመድ የለውም።”

ወይዘሮ አለሚቱ አጎንብሰው የአንሶላውን አንድ ጫፍ አነሱና ሌላውን ለልጃቸው አቀበሏት። ግራና ቀኝ ይዘው ጠመዘዙት፤ ሳይለቀለቅ ከነአረፋው ገመዱ ላይ አሰጡት። ሳፋው ውስጥ የቀረውን የሳሙና ውሃ ግን ወይዘሮ አለሚቱ አልደፉትም፤ ለነገ ልብስ ከድነው አስቀመጡት።